እጆቹ የእኔ አይደሉም

ሐምሌ 12

ይድረስ ከአቧራ ጋር ለተጋባው ወንድሜ፤

ወንድም ጋሼ፣ ግሬደርህ እንዴት ከርሟል? አንተስ? ቅደም ተከተሉን አውቄ ነው፤ ከማን ጋር እንደምትውል እናውቃለን። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ለጸባዬም ደህና ነኝ ብልህ ስለማታምነኝ ለጤናዬ ብቻ ብያለሁ።

ለጠየቅከኝ ሁሉ በተራ እመልሳለሁ። አልነካሁም። አልደበቅኩም። ዘበኛው ሽቦ በሕይወት አለ፤ የካፖርቱን እጅጌ የሰፋሁበትን ግን እስካሁን አልረሳልኝም፤ ካፖርቱን ከመልበሱ በፊት እንደ ሐኪም ይመረምረዋል። ደወሉን በተመለከተ፣ ባጠገቡ የማልፈው ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከትቼ ነው። የስፖርት አስተማሪውን ካልሲ የደወሉ ምላስ ላይ ባሰርኩ ጊዜ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ተቸንክሮ፣ የሂሳብ አስተማሪው የሚያስተምረው አልቆበት ስለ ትዳሩ ማውራት ጀምሮ አልነበር? ለሰውዬው ዕረፍት ነበር፤ እኔ ግን ከአሥረኛ ክፍል ተባረርኩበት።

አንተ ኮፍያህን አውልቀህ ዳይሬክተሯ ፊት ቆመህ ያመጣህልኝን ውል በቃሌ ይዤዋለሁ። ክረምቱን ከአጎታችን ጋር የድሮውን ሕንፃ እቀባለሁ፤ አንዲት ተንኮል ሳልሠራ እጨርሳለሁ፤ ትምህርት ሲከፈት ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። «ጨርሺና ትገቢያለሽ» ነው ያለችኝ። እማዬ ይህችን ቃል ልብስ ስታጥብም፣ ሽንኩርት ስትልጥም ትደጋግማታለች። እኔም በእንቅልፌ ሳልላት አልቀርም።

የድሮው ሕንፃ መቼም ታውቀዋለህ፣ ከአያቶቻችን ይበልጣል። የኮሪደሩ ወለል መሐሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ግድግዳውን በጥፍርህ ብትጭረው ከክሬሙ ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ ይወጣል፤ ቀለሙ ከመወፈሩ የተነሳ ክፍሎቹ የጠበቡ ይመስለኛል። አጎቴ ደግሞ እዚያ ሕንፃ ላይ ብቻ የሚሠራው ነገር አለ፤ አይፍቅም። ሌላ ቤት ሲቀባ ያበጠውን ይፍቃል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ከዚያ ነው ብሩሽ የሚያነሳው። እዚህ ግን በላይ በላዩ ይደርባል። ለምን ስለው፣ ከእኔ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ነበር የሚቀቡት ብሎ ወሬ ያስቀይራል። ስንፍና ነው ብዬ ደመደምኩ።

ትናንት ወገቡ ይዞት ቀረ። እኔም ጉብዝናዬን ላሳየው ብዬ የሰባት ቁጥር ክፍልን የኮሪደር በኩል ግድግዳ፣ ከሰሌዳው እስከ በሩ፣ ልስኑ እስኪወጣ ፋቅኩት። መዳፌ ተላጠ። ከዚያ እንደ ሕፃን ጉንጭ አለስልሼ በክሬም ቀባሁት። አየህ፣ ሳልታዘዝ የሠራሁት የመጀመሪያው መልካም ሥራ ነው። ዳይሬክተሯ ብታየው መግቢያዬን ዛሬውኑ ትሰጠኝ ነበር።

ቁንጫህ


ሐምሌ 28

ወንድም ጋሼ፤

ስለቆየሁ ይቅርታ። የቦቴው ሹፌር ወደ መንገድ ሥራ ካምፓችሁ ውሃ ይዞ ሲሄድ ባዶ እጁን ነበር የምሸኘው። ወረቀት አጥቼ አይደለም፤ የምጽፈውን ነገር እንደምትስቅበት ስለማውቅ ነው። አሁን ግን እማዬ እንደቀደመችኝ ከጥያቄህ ገባኝ። ስለዚህ መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። እኔ አይደለሁም።

እማዬ ያስጻፈችልህ እውነት ነው፤ የሰባት ቁጥር ግድግዳ ላይ እጆች ወጥተዋል። እሷ ግን ገብታ ስላላየች ዋናውን አላወቀችም። ቀለሙ በደረቀ ማግስት ሰሌዳው አጠገብ አንድ መዳፍ አየሁ። የሕፃን አይደለም፣ የትልቅ ሰውም አይደለም፤ የእኔን የሚያህል ነው። ሽቦ የካፖርቱን ብድር መለሰ ብዬ ደስ አለኝ፤ አርጅቶም ተንኮል መጀመሩ ያስመሰግነዋል። ሄጄ ጨበጥኩት። ሰውዬው ለምን እንደጨበጥኩት አልገባውም። ክፍሉን ሲያይ ግን ቁልፉን አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ፤ ከአሁን ወዲያ በዚህ በኩል አልዞርም አለ። ሽቦን ታውቀዋለህ፣ ቁልፍ ለሚስቱም አይሰጥም።

ፋቅኩት፣ ቀባሁት። በማግስቱ ተመልሶ ወጣ፤ አጠገቡም ሌላ ነበር። ከዚያ ሌላ።

አሁን የምጽፍልህን ቀስ ብለህ አንብበው። እርጥብ ግድግዳ ላይ እጅህን ብትጫን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አይደል? እነዚህ ወደ ውጭ ነው ያበጡት። አንሶላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ከወዲያ በኩል ሰው በመዳፉ ሲገፋው የሚታየውን ታውቀዋለህ? እሱን ነው የሚመስሉት። በጣቴ ዳስሼያቸዋለሁ፤ የጥፍሩ ቦታ ሳይቀር ያስታውቃል።

አጎቴ ወገቡን በመቀነት ጠፍሮ ሊያይ መጣ። ከእጆቹ በፊት ያየው የተፋቀውን ጠርዝ ነው። ቀለም ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አለ። ክዳን እንዳልነበረው አላስተዋለም፤ ቂጡ ክሬም ገባ። እኔ ከት ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም፣ አልተነሳም፣ አልሰደበኝምም። አንተ፣ አጎቴ እኮ ብሩሽ አሳስቼ ሳቀብለው እስከ ሰባት ቤቴ እየሰደበ የሚወርድ ሰው ነው። ያን ለት አንዲት ስድብ አልወጣውም። ከዚያ በፊት አልፈራሁም ነበር።

ቁንጫህ


ነሐሴ 6

ለቁንጫዬ፤

ሰላምታው ይቆየን፤ ግሬደሩም እኔም ደህና ነን።

ስቱኮ ጓንት ውስጥ ሞልተሽ፣ ሲደርቅ ጓንቱን ቀደሽ፣ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ ቀለም አለበስሽው። ሳላየው ነው የነገርኩሽ። ጥሩ ተንኮል ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ለካምፑ ሰው ሁሉ እያወራሁ እስቅበት ነበር። አሁን ግን አላስቀኝም።

ዳይሬክተሯ ፊት ዋስ ሆኜ የቆምኩት እኔ ነኝ። እሳቸው እህትህ ትምህርት ቤቱን መጫወቻ ነው ያደረገችው ሲሉኝ፣ ውስጧ ጥሩ ነው ብዬ የማለድኩት እኔ ነኝ። አባባ ሲሞት ከሁለታችን አንዳችን ከወንበራችን መነሳት ነበረብን። እኔ ተነሳሁ። ይህን የማነሳው ውለታ ልቆጥርብሽ አይደለም፤ ደግሜም አላነሳውም። ግን እዚህ አስፋልት ላይ ፀሐይ አናቴን ስትበሳኝ «እሷ አሁን ክፍል ውስጥ ናት» ማለት እወዳለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ማለት አልቻልኩም። መስከረም ላይ ደግሞ አታስከልክይኝ።

ስለ ሽቦ የጻፍሽው ግን ገርሞኛል። ቁልፉን በእርግጥ ሰጠሽ? እውነቱን ጻፊልኝ፤ ቀልዱን ተዪው።

ወንድምሽ


ነሐሴ 17

ወንድም ጋሼ፤

ጓንት ያልከው በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አንተ ቀድመህ በማሰብህ ተናድጃለሁ። አዎ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ስለ ወንበሩ የጻፍከውን ለእማዬ አላነበብኩላትም፤ ዘልዬው ነው ያነበብኩት። እኔ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ደግሜ አነበብኩት።

ቀልዱን ተዪው ስላልከኝ እሞክራለሁ፤ አፌ ይበላኛል እንጂ።

በጠራራ ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ ዴስክ ላይ ወጥቼ ስጠብቃቸው ዋልኩ። እያየኋቸው አይንቀሳቀሱም። ሰሌዳው አጠገብ የነበረው ግን መሐል ግድግዳው ላይ ደርሷል፤ መሐል የነበረው ወደ በሩ ተጠግቷል። ውሃ ልጠጣ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ከመቃኑ አንድ ክንድ ቀርቷቸዋል። ይህን ጨዋታ አውቀዋለሁ እኮ። አስተማሪ ወደ ሰሌዳው ሲዞር እኛ ከኋላ ወንበር እየተሳብን ወደ በሩ የምንጠጋው ነው። ልዩነቱ፣ እኛ የምንጠጋው ለመውጣት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ በወዲያ በኩል አየሁት፤ ማንም የለም፤ ግድግዳው ልሙጥ ነው። ግን በዚያ በኩል ስቆም ሰው በሞላበት ሰልፍ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ፤ ታውቀዋለህ፣ ትንፋሽ ማጅራትህ ላይ የሚያርፈው ነገር። ትከሻዬን ሰብስቤ፣ ይቅርታ ይቅርታ እያልኩ ወጣሁ። ማንን ይቅርታ እንዳልኩ እኔም አላውቅም።

አጎቴን ያዝኩት። ብሩሽ ሲያጥብ ነበር፤ ካልነገርከኝ ነጩን ከጥቁሩ እቀላቅልብሃለሁ አልኩት። ውሃው ጥርት እስኪል አጠበና ነገረኝ።

ትምህርት ቤቱ ሲጀመር ብር አልነበረም። ማንበብ እፈልጋለሁ ያለ ልጅ ሁሉ ይምጣና ይሥራ ተባለ። ከየመንደሩ መጡ። ጭቃውን በእግራቸው ረገጡ፣ ውሃ ቀዱ፣ መለሰኛ ስላልነበረ ግድግዳውን በመዳፋቸው ለሰኑት። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ምን እንዳላቸው ታውቃለህ? «ጨርሱና ትገባላችሁ።» ጨረሱ። ክፍሉ ሲከፈት ግን የሹማምንት ልጆች ቀድመው ሞሉት። ለሠሩት ለሚቀጥለው ዓመት ተባለ። ወደ ቤታቸው ምን ብለው ይመለሱ? ኮሪደሩ ላይ ከግድግዳው ሥር ቆመው ከውስጥ የሚባለውን እያዳመጡ ይውሉ ነበር አሉ። በዚያው ዓመት ወረርሽኝ ገባ። ከቆሙት ብዙዎቹ ለሚቀጥለው ዓመት አልደረሱም።

ከተረፉት አንዱ የእማዬና የአጎቴ አያት ነው። እሱም አልተማረም፤ የትምህርት ቤቱ ቀቢ ሆነ። የጓደኞቹ መዳፍ በልስኑ ላይ ይታይ ስለነበር የመጀመሪያውን ኖራ እሱ አለበሳቸው። ማንም እንዳይፍቃቸው ለልጁ ነገረው፣ ልጁ ለአጎቴ። አጎቴ ለእኔ ሊነግረኝ ቀን ሲጠብቅ ወገቡ ቀደመው።

ይህን ለዳይሬክተሯ ንገራት ስለው፣ ማን ያምነኛል አለ። እውነቱን ነው። እኔንም ማን ያምነኛል? ዳይሬክተሯ ትናንት መጥታ ግድግዳውን አየችው። አልጮኸችም። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት በሠራተኞቹ ፊት «እኔ ነኝ» ብለሽ ታምኛለሽ፣ በእጅሽም ታጠፊዋለሽ፤ ያኔ ውላችን እንዳለ ነው፤ ካላመንሽ ግን በዚህ በር አትገቢም አለችኝ።

እስቲ ፍረድ። በሕይወቴ ያልሠራሁት ተንኮል ይህ ብቻ ነው፤ እሱን ብቻ እመኚ ይሉኛል። አድርጌዋለሁ ብዬ ብዋሽ ውሸቱ ራሱ ተንኮል አይደለም እንዴ? ምን ልበላት?

ቁንጫህ


ነሐሴ 25

ለእህቴ፤

እኔ ነኝ በዪና ግቢ።

ብዙ አስቤበታለሁ። የጻፍሽውን አላምንም ማለት አልችልም፤ አምናለሁ ማለትም አልችልም። አጎታችን ለእኔም አንድ ቀን መሰላል ይዤለት ሳለ ያንኑ ታሪክ ጀምሮልኝ ነበር፤ ወረርሽኙ ጋ ሲደርስ አቋረጠውና አልጨረሰልኝም። ሠርተው ስላልገቡት ልጆች አዝናለሁ። ነገር ግን እነሱ ከዚህ ዓለም ሄደዋል። ሙታን ወንበር አይፈልጉም፤ አንቺ ትፈልጊያለሽ።

ስንት ጊዜ ዋሽተሽኛል? ሁሉንም ይቅር ብዬሻለሁ። ይህችን አንዷን ደግሞ ለእኔ ብለሽ ዋሺ። ከዚያ ስቱኮሽን ሙዪበት፣ ቀቢው፣ ዞረሽ አትዪው።

ለእማዬ ስለ ውሸቱ አልጻፍኩላትም። አንቺም አትንገሪያት።

ወንድምሽ


ጳጉሜ 2

ወንድም ጋሼ፤

ይቅርታ አድርግልኝ። ይቺን ቃል እኔ ስጽፋት እጄ ስንት ጊዜ እንደቆመ ብታይ ዛሬውኑ ይቅር ትለኝ ነበር።

ደብዳቤህን ኪሴ ይዤ ነው የሄድኩት። ልዋሽ ቆርጬ ነበር፤ መንገድ ላይ እንደ መዝሙር እያጠናሁት ነው የሄድኩት፤ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ። ዳይሬክተሯ ሠራተኞቹን ከመጥራቷ በፊት እስቲ ለብቻችን አሳዪኝ ብላ ወደ ሰባት ቁጥር ይዛኝ ገባች። ማለዳ ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳው ላይ ወድቃለች። ከሰሌዳው በኩል አንድም እጅ አልቀረም። ሁሉም በሩ አጠገብ ተደራርበው፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ መቃኑን ሊይዙ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር።

የማን እጆች ናቸው አለችኝ። ለማስመሰል መዳፌን አንዱ ላይ ገጠምኩት። ልክክ አለ፤ በልኬ የተሠራ ይመስል። አፌን ስከፍት ከወዲያ በኩል ጠበቅ አደረገኝ። ሊጎትተኝ አይደለም፤ ሊያስፈራራኝም አይደለም። ሰው ጎርፍ ሲሻገር የጓደኛውን እጅ እንደሚይዘው ነው። መንገድ ላይ ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«የእኔ አይደሉም» አልኳት። «የእርስዎ ተማሪዎች ናቸው። ጨርሱና ትገባላችሁ ተብለው፣ ጨርሰው የሚጠብቁ።»

የአጎቴን ታሪክ ከላይ እስከ ታች ነገርኳት። አንዲት ቀልድ አልጨመርኩበትም፤ እንደዚያ ስናገር ሰምታኝ ስለማታውቅ ይመስለኛል አላቋረጠችኝም። ከዚያ እሷም እጇን አስጠጋች። የሆነውን እንዳልናገር አስምላኛለች፤ ለአንተም አልጽፈውም። መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ እንዳደረገችው ብቻ ልንገርህ። ሳትቆም ሦስቴ አራቴ ጠረገችው።

ሄዳ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። አርፍደን ስንመጣ የምታናግረንን ድምፅ ታስታውሳለህ? የሚቆጣም የሚያዝንም የሚመስለውን? በዚያ ድምፅ ነው ለባዶው ኮሪደር የተናገረችው።

«ተቀብለናችኋል» አለች። «ግቡ።»

ማንም አልገባም፤ እኔ ያየሁት ማንም የለም። ግን እሷም እኔም፣ ሳንነጋገር፣ ከበሩ ፈቀቅ ብለን መንገድ ለቀቅን። ረጅም ጊዜ ነው የቆምነው። በመጨረሻ እሷ በሩን ቀስ ብላ መለሰችው፣ ሰው የተኛበትን ክፍል እንደሚዘጉት።

ግድግዳው አሁን ልሙጥ ነው። አጎቴ ሳይፍቅ ቀባው፤ ብሩሽ አሳስቼ ባቀብለው ሰደበኝ፣ እፎይ አልኩ። ስለ እኔ መግባት ግን ዳይሬክተሯ ቃል አልተነፈሰችም። አላመንኩላትማ፤ ውሉ በእኔ በኩል ፈርሷል። ልጠይቃት ወደ ቢሮዋ ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ። አንተን ግን ምን ብዬ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ? ዋስ ሆነህልኝ ነበር።

ቁንጫህ


መስከረም 9

ወንድም ጋሼ፤

የላክሃትን አጭሯን ወረቀት የቦቴው ሹፌር አደረሰልኝ። ያለ ሰላምታ፣ «ገባሽ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብቻ። እማዬ ስታያት ወንድምሽ ታሟል እንዴ አለች። እንግዲህ ልመልስልህ።

በመክፈቻው ዕለት እማዬ ዩኒፎርሜን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ሳታናግረኝ አልጋዬ ላይ አኖረችልኝ። ለብሼ በሩ ጋ ቆምኩ። ሽቦ ካፖርቱን መርምሮ ለበሰና፣ ምን ትገተሪያለሽ፣ ሰው መግቢያ አሳጣሽ እኮ አለኝ። ዳይሬክተሯ ሰልፉ ፊት ሆና ስሞች ታነባለች። ስሜ መጨረሻ ላይ ተጠራ። አቤት ስል ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጠነ፤ ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ዕንባዬ ግን አላማከረኝም። እሷ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ ሰባት ቁጥር ግቢ አለችኝ።

ስገባ ክፍሉ ግራ የሚያጋባ ነው። በመስኮቱ በኩል ዴስኮቹ ላይ ልጆች በላይ በላዩ ተጣበዋል፤ አንዷ ግማሽ ቂጧ አየር ላይ ነው። በግድግዳው በኩል ያለው ረድፍ ግን ከፊት እስከ ኋላ ባዶ ነው። አስተማሪዋ አዲስ ናት፤ ለምን ትጨናነቃላችሁ፣ ያ ሁሉ ቦታ እያለ አለች። ግማሽ ቂጧ አየር ላይ ያለችው ሰው አለበት አለችና፣ ምን እንዳለች ራሷም ስላልገባት ፊቷ ቀላ። አስተማሪዋ ልትቆጣ በሁለቱ ረድፍ መሐል ገባች፤ ባዶው ረድፍ ጋ ስትደርስ ግን ክርን እንዳይነካት የሚያልፍ ሰው ጎን ለጎን ሆና ነው ያለፈችው። ተመልሳ ሰሌዳው ጋ ቆመች፤ ስለ ቦታ ደግማ አላነሳችም።

እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። በመስኮቱ በኩል ለቁንጫም የሚሆን ቦታ የለም። አስተማሪዋ፣ አንቺስ ወዴት ነሽ፣ ትገቢያለሽ ወይስ ትወጫለሽ አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ እኔን ያያል፤ በቆምኩበት በኩል ደግሞ ማንም የሌለበት ረድፍ አለ፣ እሱም የሚያየኝ መሰለኝ። ሙታን ወንበር አይፈልጉም ብለኸኝ ነበር። ይፈልጋሉ ወንድም ጋሼ። አንተ ለእኔ ብለህ የተነሳህበትን ወንበር ያህል ነው የሚፈልጉት። ሲሆን ሲሆን ልወጣላቸው አሰብኩ። ከዚያ አንተ አስፋልቱ ላይ ቆመህ «እሷ አሁን ክፍል ውስጥ ናት» የምትለው ትዝ አለኝ።

ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ዴስኩ በቀዝቃዛ ጠዋት ሰው ሲቀመጥበት እንደቆየ ሞቆ ነበር። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙኝ ጎንበስ አልኩና ጠጋ በሉልኝ አልኳቸው።

ጠጋ አሉ።

ቁንጫህ